ይህ ቦታ አዲስ አበባ ነው አስመራ?

ጤና ይስጥልኝ። የድሮ የዜና ፊልም የምታውቁ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ አገራችን መጥተው አዲስ አበባንም አስመራንም ጎብኝተዋል። ያኔ ሲኒማ ቤት የሚታየው ዜና የጥቂት ደቂቃ ስለነበር፣ ካሜራማኑ ካነሳው ብዙው ተቆርጦ ይቀር ነበር። እኔ ያገኘሁት ከዚያ ትርፍራፊ አንዱን ነው፤ ያውም ኢንተርኔት ላይ ያለውን ደብዛዛ ኮፒ። ድምፅ የለውም። መግለጫውም «ኢትዮጵያ፣ ንጉሣዊ ጉብኝት» ብሎ ያልፋል። በቃ!

የሚታየው ይሄ ነው፦ ክፍት መኪና፣ ከጎኑ ጎፈር የደፉ ፈረሰኞች፣ ከኋላ የዘንባባ ረድፍ። አንድ ልጅ ባንዲራውን ዘቅዝቆ ይዞ ካሜራው ላይ አፍጧል (በሱ ምክንያት ይሆን እንዴ የተቆረጠው?)። ከጀርባው ክብ በረንዳ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ። ዘንባባውና በረንዳው አስመራ አስመራ ይሉኛል። ፈረሰኞቹ ግን ወደ አዲስ አበባ ይጎትቱኛል።

የፊልሙን ጠርዝ እይ እንዳትሉኝ። ኮዳክ እዚያ የሚያትማቸው ምልክቶች ጥሬ ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት እንጂ ምስሉ የተነሳበትን ቦታ አይናገሩም። ዲጂታሉ ላይ ደግሞ ጠርዙ ተቆርጧል።

የዚያን ጊዜ አስመራን የምታውቁ እናቶችና አባቶች፣ ጎፈር የደፉ ፈረሰኞች እዚያም ወጥተው ነበር? አዲስ አበባስ እንዲህ ያለ በረንዳ ያለው ቤት የትኛው መንገድ ላይ ነበር? ሊንኩን ለጠየቀኝ ወዲያው እልካለሁ።