አዲስ ፍሬም ላይ የተላጠ ቀለም፦ ልንካው ወይስ ልተወው?

ባለሳይክል
እባካችሁ የምታውቁ ምክር ስጡኝ። አዲስ የአሉሚኒየም የሳይክል ፍሬም በካርቶን ታሽጎ ደረሰኝ። የላይኛው ቧንቧ ላይ 4 ሚሊሜትር የምትሆን ቦታ ቀለሟ ተልጦ አሉሚኒየሙ ይታያል። ከኋላ ጎማው በስተግራ በኩል ባለው ቧንቧ ላይ ደግሞ ፀጉር የመሰሉ ጭረቶች አሉ፤ ጥፍር አይዙም። ቀለሙ ማት (የማያብለጨልጭ) ጥቁር ነው። እስካሁን አንድም ዕቃ አልገጠምኩበትም። ራሴ ብቀባው ይብስበት ይሆን? ዝገትስ ያሰጋል?

ፔዳል
መጀመሪያ እጅህን ሰብስብ። ዕቃ ሳትገጥም፣ በቀን ብርሃን፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርገህ ፎቶ አንሳው። ካርቶኑንና የተጠቀለለበትንም አንሳ። ዋስትና ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው የፍሬሙን መሰበር ነው፤ ቀለም የሚታይልህ ተልጦ እንደመጣ ካሳየህ ብቻ ነው። አንዴ ዕቃ ከገጠምክበት ወይም ብርጭቆ ወረቀት ካስነካኸው ማን እንደላጠው ማስረዳት አትችልም። ስለዚህ ሻጩ መልስ እስኪሰጥህ ጠብቅ። ለ4 ሚሊሜትር ብዬ ፍሬም አላስቀይርም፤ የሚተካውም እንደዚሁ በካርቶን ነው የሚመጣው። ከዋጋው ላይ እንዲቀነስልህ ብትጠይቅ ይሻላል።

ካርቶኑ በዚያው ቦታ ተቀዶ ወይም ገብቶ ከሆነ ግን ጉዳዩ የቀለም ብቻ ላይሆን ይችላል። የማስመሪያውን ጠርዝ በቧንቧው ርዝመት አስተኝተህ ብርሃን ሥሩ ያልፍ እንደሆነ እይ። ብዙ ፍሬሞች ላይ ቧንቧው ጫፍና ጫፉ ወፍራም፣ መሃሉ ስስ ነው። መሃል ላይ ስርጉድ ካገኘህ በቀለም አትሸፍነው፣ ለሻጩ መልሰው።

ስቱኮ
ስለ ዝገቱ፦ አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ አየር ሲያገኘው በራሱ ስስ ሽፋን ያበጃል። ክፉው ላብና ጨው ነው። በተላጠው ጠርዝ ሾልኮ ቀለሙ ሥር ይገባና ቀለሙን እያሳበጠ ያነሳዋል። ስለዚህ ጥድፊያ የለውም፣ ግን ለዓመታት አትተወው። ፍሬሙ ብረት ቢሆን ኖሮ በዚሁ ሳምንት በቀለም ሸፍነው እልህ ነበር።

ሻጩ ከመለሰልህ በኋላ በሳሙና ውሃ እጠበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ አልኮል በነካ ንጹህ ጨርቅ ጥረገው። ቲነርና አሴቶን አታስጠጋ፤ ዙሪያውን ያለውን ደህና ቀለም ያሟሙታል። የተላጠውን ጠርዝ በጥርስ እንጨት ገፋ አድርገው። የላላ ካለ አሁኑኑ ይውደቅ፤ በላዩ ከቀባህ ነገ አዲሱን ይዞ ይነሳል። ቁጥር 1000 ብርጭቆ ወረቀት በክብሪት እንጨት ጫፍ ጠቅልለህ ጉድጓዱን ውስጡን ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ እሸው። ከዚያ እንደገና አልኮል።

ብሩሽ ተው። የጥርስ እንጨት ጫፍ ላይ ትንሽ ቀለም ይዘህ መሃሉ ላይ ጠብ አድርጋት፤ ራሷ ወደ ጠርዝ ትሄዳለች። ከጉድጓዱ ውጭ ከፈሰሰች በዛች ማለት ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እያደረቅህ 3 ወይም 4 ጊዜ ድገም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በአንድ ጊዜ ሊሞላ ያፈስበታል። ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ ያለው ፈሳሽ መውጫ ያጣል፤ ከዚያ ይሸበሸባል ወይም ይሰረጉዳል። ለዚህች ነጥብ ከቀለም በፊት የሚቀባው የአሉሚኒየም አንቲረስት አያስፈልግም። ከጥፍር የሰፋ ቢሆን ግን ያለ እሱ ቀለሙ አይዝልህም።

ማት ጥቁር ደግሞ አንድ ዓይነት እንዳይመስልህ። የፍሬሙ ሠሪ የራሱን የማረሚያ ቀለም የሚሸጥ ከሆነ እሱን ግዛ። ካልሆነ ለሞዴል መኪና የሚሠራው ማት አክሪሊክ ከኩቴክስ ይበልጣል። ቀድመህ ፔዳሉ ከሚታሰርበት ቤት ሥር፣ ዓይን በማያየው ቦታ ሞክረውና ደርቆ በፀሐይ እየው፤ እርጥቡ ያታልላል።

ማት ወይስ ግሎስ
የጭረቱን መልስ ልጨምር። ጣትህን በውሃ አርሰህ አስነካው። እርጥብ ሳለ ከጠፋ ጭረቱ ያለው ከላይ ባለው ክሊር (ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን) ላይ ብቻ ነው፤ ቀለሙ አልተነካም። አንዳንዱ ጭራሽ ጭረት አይደለም፣ የማሸጊያ ፕላስቲክ የተወው መስመር ነው፤ በአልኮል ይለቃል።

የሚያብለጨልጭ ቀለም ቢሆን ቁጥር 2000 በውሃ፣ ከዚያ ፖሊሽ እልህ ነበር። ማት ላይ ይህን እንዳታደርግ! ፖሊሽ ያየው ቦታ ያብለጨልጭና መሃል ላይ ቅባት የፈሰሰበት ይመስላል። የሚመለሰው ቧንቧው በሙሉ ማት ክሊር ሲረጭ ነው። ነጩ የማጽጃ ስፖንጅም በደቃቁ የሚፍቅ ስለሆነ ያው ነው። ተወውና ማት የሆነ ግልጽ ስቲከር ለጥፍበት። የቀባሃት ነጥብ ላይም የምትለጥፍ ከሆነ 7 ቀን ጠብቅ፤ ያልጠነከረ ቀለም ከስቲከሩ ጋር ይነሳል።

ባለሳይክል
አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ረሳሁ፦ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ካርቦን ነው፣ እግሩ ላይ እንደዚሁ ትንሽ ነጥብ አለ። የኋላ ጎማው አክስል የሚገባበት ውስጡም ቀለም የለውም። በተመሳሳይ መንገድ ልሥራቸው?

ስቱኮ
አክስል የሚገባበትን አትንካ። ብረት ለብረት የሚጋጠምበት ቦታ ሆን ተብሎ ሳይቀባ ይተዋል፤ ብትቀባው ጎማው ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። ኩሽኔታ የሚገባበትም እንደዚያው።

ካርቦን በሙጫ የተጣበቀ ክር ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው፣ ክሩን ትቆርጠዋለህ። በአጉሊ መነጽር እይ። የጠፋው ቀለም ብቻ ከሆነ በአልኮል ጠርገህ ግልጽ ኩቴክስ 2 ጊዜ ጠብ አድርግበት፤ ክሩን የሚያጣብቀውን ሙጫ ፀሐይ ስለሚጎዳው ክፍት አይቆይ። ክር ተነስቶ ወይም ከነጥቡ የሚነሳ ስንጥቅ ካየህ ግን አትንዳው። በሳንቲም ጠርዝ ዙሪያውን ቀስ እያልክ ኳ ኳ አድርግና ከሌላኛው እግር ተመሳሳይ ቦታ ጋር አወዳድር፤ የታፈነ ድምፅ መጥፎ ምልክት ነው። ድምፁ ደህና ነው ማለት ግን ፎርኩ ደህና ነው ማለት አይደለም። የዚህንም ፎቶ ከመጀመሪያው ጋር አብረህ ለሻጩ ላክለት።