ካርታው ላይ ያለው ጉድጓድ መሬት ላይ ጠፋብኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ሀዋሳ ነኝ። አንድ የድሮ 1፡50,000 ካርታ ላይ አላሙራ ተራራ ግርጌ የውሃ ጉድጓድ ምልክት አለ። ኮኦርዲኔቱን (ቦታውን የሚያመለክቱትን ቁጥሮች) አንብቤ ስልኬ ጂፒኤስ ላይ አስገባሁ። ሁለት ቀን ዞርኩ። ስልኩ «ደርሰሃል» ያለኝ በቆሎ ማሳ መሃል ነው። ምን አጥፍቼ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንባብህ ልክ ነው። የካርታውን ግርጌ እይ፣ «አዲንዳን» ይላል፤ የካርታው ቁጥሮች የሚቆጠሩበት የድሮ የልኬት መነሻ ነው። ስልክህ የሚሠራው ግን በሌላ መነሻ፣ በጂፒኤሱ ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሳትቀይር ካስገባህ ትክክለኛው ቦታ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ያህል፣ ትንሽም ወደ ምሥራቅ ይርቅሃል። ካርታው ላይ እኮ 4 ሚሊሜትር ናት!

ሌላ መልስ፦ እኔ ኮምፓስም ያዝ እላለሁ። ከቆምክበት ሆነህ የታቦር ተራራንና የአላሙራን አቅጣጫ ለካ። ካርታው ላይ ከሁለቱ ጫፎች ወደ ኋላ መስመር ስትስብ፣ የሚገናኙበት ያለህበት ነው። ከዚያ ኮንቱሩን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙትን የካርታ መስመሮች) ከመሬቱ ጋር አስተያይ። መስመሮቹ ከተጠጋጉ ዳገት፣ ከተራራቁ ሜዳ ነው።

ጠያቂው፦ ተባረኩ፣ አገኘሁት! እሾህ ለብሶ ነበር። አፉ ላይ ያለውን ድንጋይ ገመድ ቦርቡሮታል፤ ጣቴ ይገባበታል።