የ«ዳርክ» ሦስተኛ ምዕራፍ የቀደሙትን ይመጥናል?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ የጀርመኑን ተከታታይ ድራማ «ዳርክ» ሁለት ምዕራፎች፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ1986 እና በ2019 መካከል የሚመላለሰውን የ33 ዓመት የጊዜ ጉዞ ዑደት እየተከተልኩ በሚገባ ተረድቼ ነበር፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ሌላ ዓለም ሲጨምር ግን ምሥጢሩ ጠለቀ ወይስ ውሉ ጠፋ? ፍጻሜውስ ያሳምናል?

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ ውሉስ አልጠፋም፤ ስምንት ክፍል ግን አነሰው። ግራ ከተጋቡ በሁለቱም ዓለም የምትታየውን የወጣቷን ገጸ ባሕርይ የማርታን ፀጉር ይመልከቱ፤ ግንባሯ ላይ ከወረደ የሌላኛው ዓለም ማርታ ናት።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ፦ (ያላያችሁ ይህን እለፉት።) የሁሉም መነሻ የሰዓት ሠሪው የታንሃውስ ሐዘን መሆኑ አሳምኖኛል፤ በመኪና አደጋ ያጣቸውን ልጁን፣ ምራቱንና የልጅ ልጁን ለመመለስ የሠራው መሣሪያ ዓለሙን ለሁለት ከፈለው። ቅር ያሰኘኝ ፖሊሱን ኡልሪክን የመሰለ ገጸ ባሕርይ ዳር መያዙ ነው።