አስቸኳይ! ነገ ጠዋት የጤና ቁጥጥር አለብኝ፣ የጀልባዬ ውሃ ይሸታል

ቦይ_ላይ_ነኝ፦
እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ። ወደቡ ላይ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ተቆጣጣሪው ይመጣል። አሁን እጄን ልታጠብ ቧንቧ ስከፍት የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ! ታንከሩን ሁለቴ ደፍቼ ሞላሁት፣ ያው ነው። ከፊቴ የነበረውን ጀልባ ዛሬ ሲመልሱት በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ላድርግ?

ሳቂታው፦
ሽቶ ነፋ ነፋ አድርግና "የጽጌረዳ ውሃ ነው" በለው 😂

መልህቅ፦
በረኪና ጨምርበት። አለቀ።

የቦይ_ሽማግሌ፦
ልጆች፣ ይህ ቁጥጥር ትናንት የተፈጠረ አይምሰላችሁ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1877 የቦይ ጀልባዎች ሕግ ወጥቷል። ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ሰው ነው አገሩን በጩኸት ያናወጠው። ያኔ አባት፣ እናትና ልጆች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቀው ይኖሩ ነበር። ሰው የሚኖርበት ጀልባ ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። ስንት ሰው እንደሚያድርበትም ተወሰነ። ለአንድ አዋቂ 60 ኪዩቢክ ጫማ አየር፣ ወደ 1.7 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። የዛሬ ሰው ግን ወረቀት ጠየቁኝ ብሎ ያለቅሳል።

ቦይ_ላይ_ነኝ፦
ጋሼ፣ አየሩስ ይበቃኛል። የሸተተኝ ውሃው ነው።

ጥቁር_ገመድ፦
ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሰውየው ውሃህን አሽትቶ ሊፈርድ የሚመጣ መስሎህ ነው? ያ ጀልባ ለምን እንደተመለሰስ ጠይቀሃል? እኔን ባለፈው የመለሱኝ በጎማ ነው። የመጠጥ ውሃ መሙያውና የሽንት ቤት ታንከር ማጠቢያው ጎማ አንድ ላይ ተጠቅልለው አገኛቸው። ሌላ ምንም አላየም፣ ወረደ። የአይጥ ኩስ፣ በረሮ፣ የጀልባው ሆድ ውስጥ የተኛ ውሃ፣ በርሜል ላይ የቆመ የዝናብ ውሃ፣ እነዚህን ነው የሚያየው።

መልህቅ፦
በረኪና አልኩ እኮ።

ቧንቧ_ፈቺዋ፦
ቆይ፣ ማንም ያልጠየቀህን ልጠይቅህ። የሚሸተው ቀዝቃዛው ነው ሙቁ? ሁለቱን ለየብቻ ብርጭቆ ውስጥ ቅዳና ከቧንቧው ራቅ ብለህ አሽት። ሙቁ ብቻ ከሆነ ታንከሩ ምንም አላደረገህም፣ ቦይለሩ ነው። ውስጡ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ የማግኒዚየም ዘንግ አለ። ውሃው ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባል፣ ከዘንጉ ጋር ሆኖ ያንን ሽታ ያመጣል። ታንከሩስ ስንት ሊትር ነው? ፕላስቲክ ነው ብረት?

ወደብ_አዋቂ፦
ወረቀትህንም እይ። ድንበር የምትሻገር ከሆነ የ2005ቱ ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ የወንዝ ጀልባንም ይመለከታል። የንጽሕና ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው ቢበዛ 6 ወር ነው። አገር ውስጥ ብቻ የምትመላለስ ከሆነ ግን የወደቡን ደንብ ጠይቅ፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ቦይ_ላይ_ነኝ፦
ኧረ ሙቁ ብቻ ነው!!! ቀዝቃዛው ደህና ነው። ታንከሩ 400 ሊትር፣ ፕላስቲክ። እና በረኪናውን ምን ያህል? መልህቅ መጠኑን አልነገረኝም።

መልህቅ፦
እንደ ሽታው ነዋ። ግማሽ ጀሪካን።

ቧንቧ_ፈቺዋ፦
መልህቅ፣ በናትህ! ግማሽ ጀሪካን ብሎ ነገር የለም። ስማ፣ መጀመሪያ የቦይለሩን መብራት አጥፋ። እስኪቀዘቅዝ ጠብቅና ደለሉን ከሥር አፍስስ። ደለል ካለ ክሎሪኑን ይበላዋል። የውሃ ማጣሪያ ካለህ አውጣው። ከዚያ 5 በመቶ የሆነ፣ ሽቶ የሌለው በረኪና፣ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር። ላንተ ታንከር 400 ሚሊ ሊትር፣ ከግማሽ ሊትር በታች ማለት ነው። ቦይለሩ እንዲሞላ የሙቁን ቧንቧ ክፈት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቧንቧ ክሎሪን እስኪሸት አፍስስና ዝጋ። ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆይ፣ ካደረ ይሻላል። ንጋት ላይ ደፍተህ በንጹሕ ውሃ ሽታው እስኪጠፋ አጥራ። እስከዚያ ማንም እንዳይጠጣ! ያንን ውሃ ቦዩ ውስጥ እንዳትደፋው፣ ዓሣውን ትጨርሳለህ። ወደቡ ላይ ፍሳሽ መቀበያ ይኖራል። ደግሞ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር እንዳታቀላቅል፣ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።
ዘንጉን በኋላ በአሉሚኒየምና ዚንክ ትቀይረዋለህ። ካልሆነ ሽታው ይመለሳል።

ሳቂታው፦
እኔ ግን አሁንም ጽጌረዳውን እመርጣለሁ።

የቦይ_ሽማግሌ፦
በእኛ ጊዜ ቦይለር የት ነበረ? ውሃ በማንቆርቆሪያ ነበር የምናሞቀው። አይሸትም ነበር።

ቦይ_ላይ_ነኝ፦
ቦይለሩን እያፈሰስኩ ነው፣ የወጣው ቡናማ ጭቃ ነው፣ ጉድ ነው። ጥቁር_ገመድ፣ ጎማዎቹን አሁን ሄጄ አየኋቸው። አንድ ሚስማር ላይ ነው የሰቀልኳቸው። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ የቱ የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ጥቁር_ገመድ፦
ሁለቱንም ለሽንት ቤቱ ተዋቸው። ለመጠጡ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ አዲስ ጎማ ግዛ፣ ሌላ ቀለም፣ ጫፉ በክዳን የሚዘጋ። ዛሬውኑ። ታንከሩን በየትኛው እንደሞላህ ካላወቅክ ደግሞ ቀዝቃዛው አልሸተተም ብለህ እንዳትተማመንበት። የእህታችንን በረኪና እዚያም ጭምር ነው የምትፈልገው።

ዘግይቶ_የመጣ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከርዕሱ ወጣ ልበልና፣ የጀልባ ሽንት ቤት ፓምፕ ሲጮህ ምን ይደረጋል? የኔም ቁጥጥር ሐሙስ ነው።

መልህቅ፦
በረኪና።