በሞተር ሴንሰር ብቻ የጉድጓድ ፈሳሽ ከፍታን ማስላት ይቻላልን?

ጥያቄ
በምዕራብ ቴክሳስ፣ በፐርሚያን ተፋሰስ፣ በዘንግ ፓምፕ (ከላይ ያለ ሞተር በረጅም ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች በሚያንቀሳቅሰው የጉድጓድ ውስጥ ፓምፕ) የሚመረትባቸውን የነዳጅ ጉድጓዶች እከታተላለሁ። ሎድ ሴል (የዘንጉን ጭነት በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ) በሌለባቸው ላይ የፈሳሹን ከፍታ ከሞተሩ ቮልቴጅና ከረንት ተነሥቼ አሰላለሁ። በአንዱ ጉድጓድ ግን ስሌቴ በድምፅ ማሚቶ ከተለካው በ200 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። የፕለንጀሩ (የፓምፑ ተንቀሳቃሽ ፒስተን) ዲያሜትር 38 ሚሊ ሜትር ነው። ስሕተቱ ከየት ሊመጣ ይችላል?

ምላሽ 1
ከኤሌክትሪክ ኃይሉ የሞተሩ ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ይገኛል፤ ከቶርኩ ላይ የዘንጉን ጭነት የሚያመጣጥኑት የሚዛን ክብደቶች ድርሻ ሲነሣ በዘንጉ አናት ላይ ያለው ጭነት ይታወቃል፤ ከዚያ ጭነቱ በዘንጉ ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ በሚገልጸው የሞገድ እኩልታ ወደ ፓምፑ ይወረዳል። እዚያ የተገኘው የፈሳሽ ጭነት ለፕለንጀሩ ስፋት ሲካፈል ከፕለንጀሩ በላይና በታች ያለውን የግፊት ልዩነት ይሰጣል፤ የላይኛው ግፊት ከቱቢንጉ (ፈሳሹ ወደ ላይ ከሚወጣበት ቧንቧ) ስለሚሰላ የፓምፑ መግቢያ ግፊት በቅናሽ ይገኛል፤ የፈሳሹ ከፍታም ከዚህ ግፊት ይሰላል። የእርስዎ ፕለንጀር ስፋት 11.3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ የ100 ኪሎ የጭነት ስሕተት ጥግግቱ ከውሃ አንጻር 0.85 በሆነ ድፍድፍ ከ100 ሜትር በላይ ያዛባል። የዘንጉ ጭነት በቶን በሚቆጠርበት ሥራ 200 ኪሎ መሳት ከባድ አይደለም።

ምላሽ 2
በቅድሚያ የሚዛን ክብደቶቹን ይመልከቱ። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀመሬን ስመረምር ከርሜ፣ የጥገና ሠራተኞች ክብደቶቹን አንሸራተው ሳይመዘግቡ እንደ ሄዱ የደረስኩበት በአጋጣሚ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ዘንጉ ከላይና ከታች በሚመለስባቸው ነጥቦች ላይ ጭነቱ በክራንኩ (ሞተሩ በሚያዞረውና ክብደቶቹ በተሸከመው ክንድ) ላይ ቶርክ ስለማይፈጥር፣ ለዜሮ ቅርብ በሆነ ቁጥር እያካፈሉ ነውና በእነዚያ አካባቢ የሚያገኙትን ጭነት አይመኑ።

ጠያቂው
ዛሬ ወርጄ አየሁት። በክራንኩ ክንድ ላይ ክብደቱ ቀድሞ የነበረበት ቦታ ቀለሙ እንዳለ፣ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ተገፍቷል። አርሜ ሳሰላ ልዩነቱ ወደ 70 ሜትር ወረደ፤ አሁንም ግን ማሚቶው ፈሳሹን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ምላሽ 3
ጉድጓድዎ ጋዝ የሚበዛበት ከሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። ማሚቶው የሚመለሰው ከአረፋማው ዓምድ አናት ሲሆን፣ የእርስዎ ስሌት ግን ከግፊቱ ተነሥቶ ጋዝ የሌለበት ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ የሚኖረውን ቁመት ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱን ከፍታዎች ከማነጻጸር ይልቅ፣ የማሚቶውን ውጤት ለጋዙ አርመው ወደ መግቢያ ግፊት ይለውጡና ግፊትን ከግፊት ያስተያዩ። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ልዩነት ካለ የዘንጉን ሰበቃ ይጠርጥሩ፤ በተለይ ጉድጓዱ ጠማማ ከሆነ።