ጥቆማ፦ የትከሻ ቀዶ ሕክምና፣ በዕለቱ ወደ ቤት ለሚመለስ ታካሚ

ጥያቄ፦ ደምበጫ የሚኖሩ የ56 ዓመት አባት የትከሻቸው ጅማት ተበጥሶ ኦፕራሲዮን ታዞላቸዋል። ባሕር ዳር ይሻላል አዲስ አበባ? ወጪውስ?

የኦርቶፔዲክስ ነርስ፦ የኦፕራሲዮኑን ክፍያ ብቻ ይዛችሁ አታወዳድሩ። ሂሳቡን የሚያንረው አንከር ነው፤ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር የሚያስረው ትንሽ ብሎን ማለት ነው። የሚከፈለው በፍሬ ሲሆን ብዛቱን የሚወስነው የቅዳዱ ስፋት ነው። «አንዱ በስንት? ቢጨመርስ? ስሊንግ (የክንድ ማንጠልጠያ) እና ሰመመን ዋጋው ውስጥ አለበት?» ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሚሠራው ቁስሉ ያንሳል፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመምም ይቀላል፤ ከዓመት በኋላ ግን በክፍት ከሚሠራው ብዙ አይለይም። ለካሜራ ብሎ በሬ መሸጥ አያስፈልግም። የጤና መድን ካላቸው ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይያዝ፤ ባሕር ዳር ያሉትን የጥበበ ግዮንና የፈለገ ሕይወት ሆስፒታሎች፣ የደብረ ማርቆስንም ሆስፒታል አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንከሩን ከሆስፒታሉ ውጭ ግዙ ከተባለ መድኑ ይሸፍን እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ።

የሰመመን ባለሙያ፦ ታካሚን የሚያስመርረው የመጀመሪያው ሌሊት ነው። አንገት ሥር የሚሰጠው ማደንዘዣ ክንዱን ከ12 እስከ 18 ሰዓት ያህል ያደነዝዛል። «ምንም አላመመኝም» ብለው መኪና ይሳፈራሉ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሲለቅ ሕመሙ ባንዴ ይመጣል። ሳይለቅ ማስታገሻ ይጀመር፦ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም፤ ጉበታቸው ከታመመ ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያማቸው ኢቡፕሮፌን አይውሰዱ። ማደንዘዣው በዚያው ጎን ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ለጊዜው ስለሚያደክም የሳንባ ሕመም ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የአንድ ሌሊት አልጋ ከተማው ውስጥ ያዙ፤ ጀርባቸው በትራስ ከፍ ብሎ ይተኙ።

ፊዚዮቴራፒስት፦ የእኔ ምርጫ ፊዚዮቴራፒው (የእንቅስቃሴ ሕክምናው) ለቤታቸው የሚቀርብበት ቦታ ነው። ስሊንግ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይታሠራል፤ ጣት፣ አንጓና ክርን ግን ከመጀመሪያው ቀን ይንቀሳቀሱ፣ አለዚያ ይደርቃሉ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ክንዱን በራስ ኃይል ማንሳት ስፌቱን ሊበጥስ ይችላል። ወጌሻ ጋ መታሸትም እንደዚያው። ለወራት ምልልስ ስላለ፣ አዲስ አበባ ቢሠራ እንኳ ክትትሉ ደብረ ማርቆስ ይሁን። ሞፈር ለመጨበጥ 6 ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ጅማቱ ቀስ በቀስ የሳሳ ከሆነ አዝመራው እንደገባ በታኅሣሥ ማሠራት ለሰኔ እርሻ ያደርሳል።

ጠያቂ፦ ከበቅሎ ወድቀው ነው፤ ወር አልሞላም።

የኦርቶፔዲክስ ነርስ፦ እንግዲያው ታኅሣሥን አትጠብቁ። በድንገት የተበጠሰ ጅማት እየሸሸ ይሄዳል፣ ጡንቻውም ወደ ስብ ይለወጣል፤ ያኔ ስቦ መስፋት ይከብዳል። በዚሁ ሳምንት ሪፈሩን ይዛችሁ ውጡ፣ ራጁም አይረሳ።