ሰው የሚታደሰው በጸጋ ነው ወይስ በጥረቱ?

ጠያቂው፦ «መታደስ» ስል በቤተ ክርስቲያናችን የሚያጨቃጭቀውን «ተሐድሶ» ማለቴ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። ያለፈውን ዐቢይ ጾም 55ቱንም ቀን ጾሜአለሁ፤ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀርም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስኩም። በስቅለት ዕለት ሰግጄ፣ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጠብጥበውኝ የሰጡኝንም ስግደት ጨምሬ ወጥቻለሁ። ሆኖም በጾሙ አጋማሽ ባለቤቴ «ሥጋውን ትተህ ሰው ትበላለህ» ብላኝ ነበር። ከወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ውርስ ተጣልተን ሳንነጋገር አራተኛ ዓመታችንን ይዘናልና እውነቷን ነው። ይህ ሁሉ ድካም ልቤን ካላደሰው ምን ያድሰዋል?

የመካነ ኢየሱስ ምእመን፦ ወንድሜ፣ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ሲል በበደል ሙታን ስለነበሩ ሰዎች መናገሩ ነው፤ ሙት ደግሞ ራሱን አያስነሣም። ስግደት በቁጥር ሲታዘዝ ሰው ሳያውቀው ሒሳብ መያዝ ይጀምራል ብዬ እሰጋለሁ። በእርግጥ በእኛም ዘንድ የአዳር ጸሎቱን ሌሊት እየቆጠረ በጎረቤቱ ላይ የሚኩራራ አይጠፋም።

ዲያቆኑ፦ ሒሳብ የሚይዝ ሰው መኖሩን አልክድም፤ ነገር ግን የሰውየውን ድካም በሥርዓቱ ላይ መጫን አይገባም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ምን ሥራ ሠርታ ነው ዳግም የምትወለደው? በጸሎታችንስ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልን 41 ጊዜ ምሕረት የምንለምን ሰዎች ደመወዝ ጠያቂዎች እንባላለን? በመዝሙረ ዳዊትም «ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ፤ የቀናውንም መንፈስ በውስጤ አድስ» የሚለውን ስንደግም ፈጣሪውም አዳሹም እርሱ መሆኑን እየመሰከርን ነው። ጾም ለዚህ ስጦታ እጅን መዘርጋት ነው፤ የተዘረጋ እጅ ደግሞ ዋጋ ከፋይ አይባልም። ያዕቆብ ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው ያለውንም ከኤፌሶን ጋር ማጋጨት አያስፈልግም፤ ጳውሎስ ራሱ እዚያው ምዕራፍ ላይ ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ይናገራል።

ነርሷ፦ ሁለታችሁንም በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ምንም ሳያምኑ መጠጥ ያቆሙ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ሲጸልዩ ኖረው ያላቆሙም አሉ። ለጠያቂው የምለው አጭር ነው፦ ለወንድምዎ ስልኩን የሚደውሉት እርስዎ ነዎት፤ መንፈስ ቅዱስ አይደውልልዎትም።

የመካነ ኢየሱስ ምእመን፦ እህቴ፣ ከመጠጥ መራቅና የበደለንን ሰው መውደድ ለየቅል ናቸው። አንድ ሰው በእልህ ብርጭቆውን ሊያስቀምጥ ይችላል፤ በእልህ ይቅር ያለ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ጣት ቁጥሩን እንደሚነካ አልጠፋኝም፤ የእኔ ጥያቄ መደወሉን ማን አስወደደው የሚል ነው። «መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና» ተብሎ ተጽፏል።

ዲያቆኑ፦ ከዚያ ጥቅስ በፊት ያለውንም ያንብቡልን፤ «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» ይላል። እናንተ በሁለተኛው ቁጥር፣ እኛ በመጀመሪያው ብዙ ስንቆይ ሐዋርያው ግን በአንድ ትንፋሽ ነው የጻፋቸው። ጠያቂውን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የውርሱን ጠብ ለነፍስ አባትዎ ነግረዋቸዋል?

ጠያቂው፦ አልነገርኳቸውም። ንስሐ ስገባ የገደፍኩትን ረቡዕና ዓርብ እየቆጠርኩ ነገርኳቸው፤ ስለ ወንድሜ ሳይጠይቁኝ ሲቀሩም ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ጾሙን ለዝምታዬ መሸፈኛ አድርጌው ኖሬአለሁ። ነርሷ ስለ ስልኩ ያሉት እውነት ነው፤ ትናንት ማታ ቁጥሩን አውጥቼ ብዙ ከተቀመጥኩ በኋላ መልሼ ዘጋሁት። ዛሬ ጠዋት የጸለይኩት ጸሎት «ልደውል» የሚል አልነበረም፤ «መደወሉን አስወድደኝ» የሚል ነበር።